አዲሱ ጋቢ ታጥቦ ለምን አጠረ? ሁለተኛውን ሲያሠሩስ ሸማኔውን ምን ይበሉት?

ጥያቄው፦ «ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ለአባቴ ጋቢ ገዛሁ። ስገዛው ቁመቱ 2 ሜትር ከ50 ነበር፤ አንድ ጊዜ ታጥቦ 2 ሜትር ከ28 ሆነ። የጥለቱ ቀይ ነጩን አቀላው፣ የመሐሉ ስፌት ተኮማተረ፣ ብናኙም የአባቴን ጥቁር ካፖርት ነጭ አደረገው። ያጠብኩት በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ አሳድሬ ነው። ቀዩን ለማስለቀቅ በረኪና ጨመርኩበት፤ ከዚያ ከእህቴ ጋር ጠምዝዘን ጨምቀን ሽቦ ላይ አሰጣነው። ተታልያለሁ? አሁን ደግሞ ለእናቴ ለፋሲካ ላሠራላት ነው። ስንት ፈትል ልግዛ? ሸማኔውንስ ምን ልበለው?»

መልስ፦

በማጠሩ አልተታለሉም። ከ250 ሳንቲ ሜትር 22 መቀነስ ከመቶ 9 ገደማ ነው። ውሃ ነክቶት የማያውቅ የእጅ ሸማ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ይሰበሰባል። ሻጩ ይህን አስቀድሞ ቢነግርዎ መልካም ነበር፤ ጋቢው ግን በዚህ ብቻ መጥፎ አይባልም። የጥለቱ ነገር ይለያል። ቀለም የሚለቅ ክር ለነጭ ጋቢ ጥለት መግባት አልነበረበትም፤ እዚያ ላይ ቅሬታዎ እውነት አለው። የስፌቱ መኮማተር ከፊሉ የአሠራር፣ ከፊሉ የአስተጣጠብ ችግር ነው። ብናኙ ደግሞ በሁለት በሦስት እጥበት የሚያልቅ ነው፤ ግን አንድ ፈተና አለው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ ማጠሩ፤ ይህን የተረዳ ሰው ሁለተኛውን ጋቢ ሲያሠራ አይሳሳትም። ሸማኔ የሚሠራው ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚዘረጋውን ክር፣ ወጥሮ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እግሩ ድሩን እየከፈተ፣ እጁ መወርወሪያውን እያመላለሰና ማጉን፣ ማለትም በወርድ የሚገባውን ክር፣ እየመታ ሲያጠጋጋ፣ ድሩ እንደ ክራር ጅማት ቀጥ ብሎ ይቆያል። ማጉ በድሩ ላይና ታች እየተሽሎከለከ ያልፋል። ሸማው ተቆርጦ ሲወርድ፣ ይበልጡን ደግሞ ውሃ ሲነካው፣ ውጥረቱ ይላላና ድሩም በተራው በማጉ ዙሪያ መጉበጥ ይጀምራል። ክሩ ራሱ ያን ያህል አላጠረም፤ መንገዱ ነው የተጣመመው። ጋቢ በወርዱ ከሚጠበው ይልቅ በቁመቱ ብዙ የሚያጥረው ለዚህ ነው፤ ድሩ የሚሄደው በቁመት ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት ፈትሉ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ከሚቀርበው ጋቢ ብዙው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ አይደለም። ድር የከረረና ጠንካራ ክር ይፈልጋል፤ የፋብሪካው ክር መወጠሩንም መመታቱንም ይችላል። ጋቢን ጋቢ የሚያደርገው፣ ሙቀቱንና ልስላሴውን የሚሰጠው፣ ላላ ብሎ የተፈተለው ማግ ነው። ላላ ያለ ፈትል ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ያበጠ ማግ ደግሞ ድሩን የባሰ ያጎብጠዋል። ስለዚህ ወፍራምና ለስላሳ ጋቢ ከስስ ነጠላ ይበልጥ ቢያጥር አይገረሙ።

ሙቅ ውሃው ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ጨረሰው። በቀዝቃዛ ውሃ ቢሆን ኖሮ ማጠሩ አይቀርም ነበር፤ ግን ቀስ ብሎና እኩል ሆኖ ይመጣ ነበር። መልካሙ ዜና ትልቁ ማጠር ማለፉ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀንሰው ጥቂት ነው።

የመሐሉ ስፌት ለምን ተኮማተረ? የሸማ ዕቃው ወርድ ለአንድ ሰው መልበሻ ስለማይበቃ ጋቢ ረጅም ሆኖ ተሸምኖ፣ ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ይጋጠማል፤ ከዚያም ይደረባል። ቁራጮቹ ከአንድ ድር ላይ የወረዱ ካልሆኑ፣ ወይም የአንዱ ማግ ከአንዲት ፈታይ የሌላው ከሌላዋ ከመጣ፣ ሲታጠቡ እኩል አያጥሩም። አንዱ ከመቶ 6፣ ሌላው ከመቶ 10 ቢሰበሰብ በ2 ሜትር ተኩል ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይመጣል። ያ ትርፍ መሄጃ ስለሌለው ስፌቱ ላይ ይጨማደዳል። ጠምዝዞ መጭመቁ ደግሞ ንጣፎቹን አንዱን ወደዚህ ሌላውን ወደዚያ ጎትቶ አባባሰው።

ጥለቱም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። የጥለት ክር ብዙ ጊዜ ጥጥ አይደለም፤ አንጸባራቂ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ እሱ አያጥርም። ነጩ በወርዱ ሲሰበሰብ ጥለቱ እንደነበረ ይቀርና ጫፉ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይንዘረፈፋል። የእርስዎ ጥለት ቀለም የለቀቀ በመሆኑ ምናልባት በደንብ ያልተነከረ የጥጥ ክር ይሆናል። ለማወቅ ከጥለቱ ጫፍ አንዲት ክር መዘው በክብሪት ያቃጥሉ። ጥጥ ቶሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወውም በጣት የሚፈርስ ግራጫ አመድ ነው። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲበርድ እንደ ዶቃ ይጠጥራል።

አሁን ወደ ብናኙ ፈተና። ሁለቱን አውራ ጣቶችዎን በሸማው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቀው ይጫኑና ወደ ጎንና ጎን ይሳቡ። ክሩ ተከፍቶ ተመልሶ ከተገጣጠመ ሸማው ደህና ነው፤ የሚበነው ሲፈተል ያልተያዘ አጭር ጥጥ ብቻ ነው። ተከፍቶ ክፍቱ እንዳለ ከቀረ ግን ሸማኔው ማጉን አሳስቶ መትቶታል። እንዲህ ያለው ጋቢ መብነኑን አይተውም፤ ትከሻና ክርን ላይ ቶሎ ይሳሳል። በረኪና የፈሰሰበትንም ቦታ በዚሁ መንገድ ይፈትሹ። በረኪና ቀለም ከመብላቱ ጋር ጥጡን ራሱን ይበላል፤ ጉዳቱ ዛሬ ባይታይ ከወራት በኋላ በቀዳዳ ይገለጣል። ነጭ ጋቢ ላይ በረኪና ባይደርስ ይሻላል።

የአባትዎን ጋቢ ለማዳን ከቀለሙ ይጀምሩ። በጨው ወይም በኮምጣጤ ውሃ ዘፍዝፊው የሚልዎ አይጠፋም። ሁለቱም ጥጥ ላይ የላላ ቀለም አያስሩም፤ ጊዜ ያባክናሉ። የሚሠራው ብዙ ውሃ ነው። ትልቅ በርሜል ወይም ገንዳ ሞልተው፣ ክንድ የሚችለው ያህል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ጋቢው እንደ ልብ እንዲንሳፈፍ ያድርጉ። የለቀቀው ቀለም ውሃው ውስጥ እንዲቀር እንጂ ተመልሶ ነጩ ላይ እንዳያርፍ ውሃው መብዛት አለበት። በየሩብ ሰዓቱ ያገላብጡ፤ ውሃው ከቀላ ይቀይሩ። ጋቢው ገና በካውያ ካልተተኮሰ የመልቀቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ሙቀት ቀለሙን ነጩ ላይ ስለሚያደርቀው እስኪለቅ ድረስ አይተኩሱት። ጥላ ላይ ያድርቁት። ሽቦው የዝገት ነጥብ ትቶበት ከሆነ በሎሚና በጨው አሽተው ለግማሽ ሰዓት ያቆዩና በደንብ ያለቅልቁ፤ ሎሚው ጥጥ ላይ ከደረቀ ያዳክመዋል።

ለስፌቱ መፍትሔው አንድ ነው፤ መፍታት። የመሐሉን ስፌትና የዳሩን ስፌት ፈትተው ቁራጮቹን ለየብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ይንከሩና ሳይወጠሩ ጠፍጣፋ ላይ ያድርቁ። ሲደርቁ እያንዳንዱ እውነተኛ ልኩን ያሳያል። ከዚያ ረጅሙን በአጭሩ ልክ ይቁረጡ፤ የሚቆረጠው ጥለት በሌለበት ጫፍ ይሁን። ሲሰፋ በጥጥ ክር፣ በእጅ፣ ላላ ባለ ስፌት ይሁን፤ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አስቀድሞ በመርፌ መያዝ ቁራጮቹ እንዳይሸሹ ይረዳል። የልብስ ስፌት መኪና የላዩን ንጣፍ እየገፋ የታችኛውን ስለሚስብ ለጋቢ አይመችም።

ለወደፊቱ አስተጣጠቡ እንዲህ ይሁን። ጥጥ ከተፈጥሮው ሰም አለው፤ አዲስ ጋቢ ውሃ ላይ ሲጣል የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። አንዳንድ ሸማኔም ድሩ እንዳይበጠስ በቀጭን የዱቄት ሙቅ ያጠነክረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ያለ ሳሙና፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ እስኪሰምጥ እየተጫነ ለአንድ ሰዓት ይቆይ። ውሃው ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ሙቁ ነው፤ ይደፋ። ቀጥሎ ሳሙና፤ የዱቄት ሳሙና ከሆነ አስቀድሞ ለብቻው ውሃ ውስጥ መሟሟት አለበት፤ ያልሟሟ ዱቄት በንጣፎቹ መካከል ገብቶ ይቀራል፤ ጋቢው ሲደርቅ የሚገረጅፈውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። አይፈትጉት፤ እንደ ሊጥ እየተጫኑ ይግፉት። ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ። ከዚያ ሳይጠመዝዙ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግተው ጠቅልለው ይጫኑት፤ አንሶላው አብዛኛውን ውሃ ይጠጣል።

እንዶድ ካገኙ ከዱቄት ሳሙና ይልቅ ለሸማ ይስማማል። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ፣ በጨርቅ ታስሮ፣ ውሃው አረፋ እስኪያወጣ ይታሻል፤ ሲወቅጡ ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ስለሚያቃጥል ፊትዎን ይሸፍኑ። እጣቢውን ግን ወደ ቀሃም ሆነ ወደ አንገረብ ወንዝ አይድፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቀንድ አውጣ በሚያስተላልፈው በቢልሃርዚያ በሽታ ላይ ያደረጉትን ምርምር የጀመሩት። ዓሣንም ይገድላል።

ማስጫው ትልቅ ቦታ አለው። የራሰ ጋቢ ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ይይዛል፤ በአንድ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ መሐሉ ይለጠጥና ዳሩ ተጣሞ ይቀራል። ሁለት ገመድ በአንድ ክንድ ርቀት ወጥረው በሁለቱም ላይ ያሳርፉት፤ ንጹሕ ሰሌን ላይ ቢሰጣ ደግሞ የተሻለ ነው። በበጋ የጎንደር ፀሐይ በግማሽ ቀን ያደርቀዋል፤ ጥለቱን ወደ ውስጥ ያጥፉት እንጂ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ ጋቢ ባይታጠብ እመርጣለሁ። ላዩ ደርቆ መካከለኛው ንጣፍ እርጥብ ይቀራል፤ ሳጥን ሲገባ ይሻግታል። ማድረቁን የሚያረጋግጡት እጅዎን በንጣፎቹ መካከል አስገብተው ነው፤ ቅዝቃዜ ከተሰማዎ አልደረቀም። ብል አያስፈራ፤ ብል የሚበላው ሱፍ ነው። ሙቁ በደንብ ያልታጠበለት ጋቢ ግን ሌላ ተባይና አይጥ ይጠራል።

አሁን የእናትዎ ጋቢ።

ሲያዝዙ «አራት እጥፍ» በሚለው ቃል ብቻ አይስማሙ። አንዱ ሸማኔ አራት ሲል ቁራጩን ይቆጥራል፣ ሌላው ንጣፉን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የክብደት እጥፍ ነው። የሚወዱትን ጋቢ ይዘው ይሂዱ፤ ዳሩን በጣት ፈልፍለው ንጣፉን አብረው ይቁጠሩ። በክንድም አይለኩ። ክንድ የሸማኔው ክንድ ነው፤ ሜትር ይዘው ይሂዱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልኩን «ታጥቦ ይህን ያህል» ብለው ይናገሩ። ታጥቦ 2 ሜትር ከ40 እንዲሆን ከፈለጉ ከሸማ ዕቃው ሲወርድ አንዱ ቁራጭ ወደ 2 ሜትር ከ70 ሊደርስ ይገባል። ጋቢው በሁለት ወርድና በሁለት ንጣፍ የሚሠራ ከሆነ አራት ቁራጭ ነው፤ 10 ሜትር ከ80 ይሆናል። በድሩ መጨረሻ ላይ የማይሸመን ጫፍ ስለሚቀር ድሩ ከዚህ ግማሽ ሜትር ያህል ይርዘም። አራቱም ቁራጭ ከአንድ ድር ይውረዱ፤ ይህን አጥብቀው ይጠይቁ፤ የአባትዎ ጋቢ ስፌት የተበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

የፈትሉን መጠን በግምት አይግዙ። ያንኑ የሚወዱትን ጋቢ ሱቅ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። የሚመዝነው ማለት የገባበት ክር ማለት ነው፤ ለብክነት ከመቶ 10 ይጨምሩ። 1 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ከሆነ 1 ኪሎ ከ650 ግራም ክር ይበቃል። ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል እንዲሆን ከፈለጉና ጥጡን ራስዎ የሚያስፈትሉ ከሆነ፣ ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ሲዳመጥ ከ3 ኪሎ 1 ኪሎ ገደማ ብቻ እንደሚወጣው ያስቡ። በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ሲሆንም ጥቂት ይጎድላል። 5 ኪሎ ተኩል የመተማ ወይም የቋራ ጥጥ ቢይዙ አያሳፍርም።

ለፈታይዋ የድሩና የማጉ ፈትል የተለያየ መሆኑን ይንገሯት፤ የድሩ ቀጭንና የከረረ፣ የማጉ ላላና ወፈር ያለ። ማጉ ከአንድ እጅ ቢወጣ እመርጣለሁ። ሁለት ሦስት ፈታዮች ከተካፈሉት ግን ሸማኔው የአንዷን ልቃቂት ጨርሶ ወደ ሌላዋ እንዳይሻገር፤ የየአንዳንዷን ፈትል በየቀሰሙ (ማጉ በሚጠቀለልበት ዘንግ) እያቀያየረ ይወርውር። አለበለዚያ አንዱ ጎን ወፍራም ሌላው ስስ ይሆናል፤ ሲታጠብም አንዱ ከሌላው ይበልጥ ያጥራል።

ማጉ በእርግጥ የእጅ ፈትል መሆኑን ለማወቅ ከዳሩ አንድ ክር መዝዘው ብርሃን ላይ ይያዙት። የእንዝርት ክር ወፈር ቀጠን ይላል፣ አልፎ አልፎም የጥጥ ፍሬ ቅርፊት ጥቁር ነጥብ ይገኝበታል። የፋብሪካው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። ነጭነቱም ይናገራል፤ የእጅ ፈትል ወደ ወተት ያደላል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያበራ ነጭ ካዩ በፋብሪካ የነጣ ነው። ከዚያ ከአንድ ጥግ፣ ከመሐልና ከሌላው ጥግ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን የማግ ክሮች ይቁጠሩ። በሦስቱ ቦታ ከተቀራረበ ሸማኔው እጁ የጸና ነው። በጎንደር አካባቢ በአዲስ ዓለምና በወለቃ የሽመና ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም ጎንደር ገበያ ላይ ያለው ሸማ ሁሉ ጎንደር የተሸመነ አይደለም፤ ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ቆጠራውን ይመኑ።

የጥለቱን ክር ሳይሸመን ይፈትኑት። ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ ስንዝር ቆርጠው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በሙቅ ውሃና ሳሙና ነክረው፣ ከባድ ነገር ጭነውበት ያሳድሩ። ጠዋት ጨርቁ ላይ ምልክት ካለ ያንን ክር ይመልሱ። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር አረንጓዴ ይበልጥ ይጠረጠራሉ። የጥለቱ ክር ሰው ሠራሽ ከሆነ ሸማኔው ጥለቱን ጠበብ አድርጎ፣ ከ3 ጣት ሳያስበልጥ ቢሠራው መንዘርፈፉ ያንሳል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለፋሲካ ከሆነ ሁዳዴ ሳይገባ ይዘዙ። በጾሙ መጨረሻ ሸማኔ ሁሉ ይጣበባል፤ ሲጣደፍ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎድለው የማጉ አመታት ነው። ቁራጮቹ ሳይሰፉ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው፣ አድርቀው፣ ያጠረው ካጠረ በኋላ ይሰፉ። ሁለት ቀን ይወስድብዎታል፤ እናትዎ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልኩ የማይለወጥ ጋቢ ይለብሳሉ።

የአባትዎ ጥለት ከሦስተኛው ማለቅለቅ በኋላም ውሃውን ካቀላ መልቀቁን አይተውምና አይታገሉት። ስፌቱ በተፈታበት ጊዜ ጥለቱን ከነጩ ጫፍ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ትተው ይቁረጡት። ያንኑ ወርድ ያለው፣ ክሩ በጨርቅ የተፈተነ ጥለት ለብቻው ተሸምኖ በእጅ ይቀጠልበት። ሲቀጠል በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ከነጩ ወርድ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር አጠር ይበልና ነጩ በጥቂቱ እየተሰበሰበ ይሰፋ፤ ዳር ዳሩ አይንዘረፈፍም።